ኢሜይላችን ስፓም ውስጥ የቀረው ለምን ነበር? ከድሬዳዋ

የመጀመሪያው ወር ሥራዬ ሁሉ የማስታወቂያ ኢሜይላችን ስፓም (ያልተፈለገ ተብሎ የሚጣልበት ሳጥን) እንዳይገባ ቃል መቀየር ነበር። «ቅናሽ» የሚለውን አውጥቼ «ዋጋ ተስተካክሏል» አልኩ። «ነጻ» የሚለውን «ያለ ክፍያ» አደረግሁት። አንዱ ሲመክረኝ «ነ.ጻ» ብዬ መሀሉ ላይ ነጥብ ከተትኩበት። ሌላው ይባስ ብሎ «ጻን በፃ ቀይረው» አለኝ፤ ስፓሙን የሚለየው ማጣሪያ ፊደል የሚያስቆጥር የኔታ መስሎት ይሆናል። ኢሜይሉ ግን ቀጥ ብሎ ስፓም ይገባ ነበር።

የምሠራው ድሬዳዋ ሆኖ የምጽፈው ለሁለት ቤት ነው። አንዱ የተቆላ የሐረር ቡናና የሐረሪ ስፌት የሚሸጥ ሱቅ፣ ሌላው ጀጎል ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ። የድሬና የሐረር ደንበኛ በስልክና በቴሌግራም ይገኛል፤ ኢሜይሉ የሚያስፈልገው አዲስ አበባ ላሉ ድርጅቶች፣ ለጅቡቲና ለውጭ አገር ደንበኞች ነው። ያበላሸሁትንና ያቃናሁትን በተከታተለበት ቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ እናንተ ወሩን እንዳታቃጥሉ።

ነገሩ የገባኝ ደብዳቤውን ትቼ ፖስታውን ማየት ስጀምር ነው። ለራሳችሁ የጂሜይል አድራሻ አንድ ኢሜይል ላኩና በኮምፒውተር ክፈቱት፤ የስልኩ አፕ ላይ ይህ ምርጫ የለም። ከኢሜይሉ ቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ «ሾው ኦሪጅናል» የሚል ይመጣል። እሱን ስትከፍቱ ከላይ ትንሽ ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚሉ ሦስት መስመሮች፣ ከየፊታቸው «ፓስ» ወይም «ፌይል»። የእኛ ኤስፒኤፍ ፓስ፣ ዲኪም ፓስ፣ ዲማርክ ፌይል ይል ነበር። ሁለቱ ካለፉ ሦስተኛው እንዴት ይወድቃል ብዬ ብዙ ግራ ተጋብቻለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሱቁ የሚልከው በጅምላ መላኪያ አገልግሎት ሆኖ፣ «ላኪ» የሚለው ቦታ ላይ የሚታየው ግን ነጻው የጂሜይል አድራሻ ነበር። ኤስፒኤፍ «ይህ ሰርቨር በዚህ ዶሜይን (በአድራሻው ውስጥ ከ@ በኋላ ባለው) ስም እንዲልክ ተፈቅዶለታል ወይ» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ፣ ግን በመላኪያ አገልግሎቱ ዶሜይን ስም። ዲኪም ፊርማውን ያያል፤ ፊርማው እውነተኛ ነው፣ ግን የአገልግሎቱ ነው። ዲማርክ ደግሞ ደንበኛው ዓይን ላይ የሚታየው የላኪ አድራሻ ከእነዚህ ከሁለቱ ካንዱ ጋር መግጠሙን ያያል። አልገጠመም። ማኅተሙ ትክክለኛ ሆኖ የደብዳቤው ራስጌ የሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን የትኛው መዝገብ ቤት ይቀበላችኋል? ጉግልም ለላኪዎች ባወጣው መመሪያ፣ በላኪ ቦታ የጂሜይልን አድራሻ አስመስሎ በሌላ ሰርቨር መላክ የኢሜይሉን መድረስ እንደሚጎዳ በግልጽ ጽፏል። በዚህ ሁኔታ «ቅናሽ» አልኩ «ዋጋ ተስተካክሏል» አልኩ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ዶሜይን ያዙ። ከዚያ የዶሜይኑ ዲኤንኤስ (ሌሎች ሰርቨሮች ስለ ዶሜይኑ የሚያነቡት መዝገብ) ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጨመራል። አንደኛው የኤስፒኤፍ ቲኤክስቲ ሬኮርድ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ የሚገባ የጽሑፍ መስመር ነው። ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ መሆን አለበት! ሆስቲንግ ድርጅቱ አንድ አስቀምጦ ሳለ የመላኪያ አገልግሎቱ የሰጣችሁን ሁለተኛ አድርጋችሁ ብትጨምሩ ሁለቱም ይሻራሉ፤ የአዲሱን «ኢንክሉድ» (የአገልግሎቱን ስም የያዘውን ክፍል) ከነባሩ መስመር ውስጥ አስገቡት። መስመሩ ለመነበብ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ፍለጋ የሚጠይቅ ከሆነም ይወድቃል፤ ድሮ የተውነው አገልግሎት ስም እዚያው ተረስቶ ሲቆይ የሚመጣ ችግር ነው። ሁለተኛው ዲኪም ነው፤ ቁልፉን አገልግሎቱ ይሰጣችኋል። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ረጅም ነው፤ አንድ የቲኤክስቲ ቁራጭ ደግሞ ከ255 ፊደል በላይ አይዝም። አንዳንዱ ፓነል ራሱ ለሁለት ይከፍለዋል፣ አንዳንዱ ጫፉን ቆርጦ ዝም ይላል። ከለጠፋችሁ በኋላ መልሳችሁ ገልብጡና የመጨረሻዎቹን ፊደሎች ከዋናው ጋር አስተያዩ። ሦስተኛው ዲማርክ ነው፤ ስሙ ከዶሜይኑ ፊት አንደርስኮርና «ዲማርክ» የሚል ቃል ያለበት ሬኮርድ ሲሆን፣ መነሻው ላይ ፖሊሲውን «ነን» (በእንግሊዝኛ «ምንም»፤ የወደቀውን አትንካው ማለት ነው) አድርጋችሁ ሪፖርት የሚቀበል አድራሻ አስገቡ። ሪፖርቱ ለጥቂት ሳምንታት ንጹሕ ሆኖ ከታየ ወደ «ኳራንቲን» (የወደቀውን ስፓም ውስጥ አስገባው) ማሳደግ ይቻላል። ሲፓነል የሚባለውን የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ የምትጠቀሙ «ኢሜይል ዴሊቨረቢሊቲ» የሚለው ገጽ የጎደለውን ያሳያችኋል።

ይህ ከፈረንጆቹ 2024 ፌብሩዋሪ ጀምሮ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ጂሜይልና ያሁ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ለግል የጂሜይል አድራሻዎች በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም ማሟላት አለበት። አውትሉክም በ2025 ሜይ ተመሳሳይ ሕግ አወጣ። የድሬ ሱቅ 5,000 ባይልክም ሦስቱንም አሟሉ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ዲማርክ ፓስ ካለ በኋላ ግማሹ ኢንቦክስ ገባ። ግማሹ ግን አሁንም ስፓም።

የቀረው ጥፋት ዝርዝሩ ላይ ነበር። የማረፊያው አድራሻዎች የመጡት እንግዶች በእጃቸው ከጻፉበት የእንግዳ መዝገብ ነው። የሰው እጅ ጽሑፍ ላይ የላቲኑ «ኤል» እና ቁጥር 1 አንድ ናቸው፣ «ኦ» እና ዜሮ አንድ ናቸው፣ አንደርስኮር ከመስመሩ ጋር ተደርቦ ይጠፋል። ስለዚህ ብዙው «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» ተብሎ ይመለስ ነበር። ማጣሪያው ከዚህ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የሚጽፍለትን ሰው አያውቅም። አድራሻ ገዝቶ የሚልክም ምልክቱ ይኸው ነው። አሁን አድራሻ የምንቀበለው እንግዳው ራሱ ስልኩ ላይ ሲጽፈው ነው፤ ወዲያው «ደርሶኛል በሉ» የሚል አጭር ኢሜይል ይላካል፣ መልስ ያልሰጠ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። አንዴ የተመለሰ አድራሻ ሁለተኛ አይሞከርም። ዝርዝር ግን ፈጽሞ አትግዙ። ከሕጉም ጋር ያላትማችኋል፦ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል ይላል። ማንነትንና አድራሻን በትክክል መግለጽ፣ ተቀባዩም በቀላሉ እንቢ የሚልበት መንገድ ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ከዚሁ አንቀጽ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ፤ ቃል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። «ስፓም» የሚለውን የሚጫነው ሰው ነው፣ ማጣሪያውም ከሰው ይማራል። የጂሜይል ልክ ይታወቃል፦ ቅሬታው ከ0.1 በመቶ በታች ይሁን፣ 0.3 በመቶ ፈጽሞ አይድረስ። ከ1,000 ሰው ሦስት ሰው ማለት ነው። ዝርዝራችሁ 400 ሰው ከሆነ ሁለት የተበሳጩ ሰዎች ልኩን ያሳልፏችኋል። ስለዚህ ስትጽፉ የምታስቡት ስለነዚያ ሁለት ሰዎች ይሁን።

የድሮው ርዕሳችን እንዲህ ይል ነበር፦

«ታላቅ የበዓል ቅናሽ!!! ለተከበራችሁ ውድ ደንበኞቻችን በሙሉ!!! እንዳያመልጥዎ!!!»

የአሁኑ፦

«አዲስ የተቆላ ቡና ሐሙስ ይደርሳል»

የድሮው ዘጠኝ ቃለ አጋኖ አለው፤ በቃለ አጋኖ የተሞላ ርዕስ የድሮ ማጣሪያዎች ሳይቀሩ ነጥብ የሚይዙበት ነገር ነው። «ለ…በሙሉ» ሲል ደግሞ ጅምላ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ከዚያ የሚብሰው ግን ምን እንደሚሸጥ አለመናገሩ ነው። የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ስልክ ላይ ከ30 ፊደል ያለፈው ርዕስ ብዙውን ጊዜ ይቆረጣል፤ የሚነበበው «ታላቅ የበዓል ቅናሽ!!! ለተከበራችሁ ውድ» ብቻ ነበር። የማን ቅናሽ? የምን? የማይገባው ሰው ይሰርዛል፣ የሰለቸው ስፓም ይላል።

«ውድ»፣ «የተከበራችሁ»፣ «በታላቅ ደስታ እንገልጻለን» የሚሉት የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ቋንቋ ናቸው፤ ኢሜይል ውስጥ ቦታ ከመያዝ በቀር የሚፈይዱት የለም። መግቢያችን አሁን ይህን ይመስላል፦ «ሰላም፣ እንደምን ከርመዋል? የዘንድሮው ምርት ገብቷል፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው፣ ማክሰኞ ቆልተናል። ግማሽ ኪሎ እንዲቀመጥልዎ ከፈለጉ ለዚህ ኢሜይል ‹አዎ› ብለው ይመልሱ።» መልስ መጠየቁ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ደንበኛ የሚመልስለት ላኪ በማጣሪያው ዓይን የሚታወቅ ሰው ነው። «አትመልሱ» የሚል አድራሻ ተጠቅማችሁ ይህን ዕድል አትዝጉት።

ስም ማስገባት ጥሩ ነው ይባላል፤ በአማርኛ ግን ወጥመድ አለው። የፈረንጅ ኢሜይል መላኪያ መሣሪያ «የቤተሰብ ስም» የሚለው የእኛን የአባት ስም ነው፤ ሴቲቱን በአባቷ ስም ጠርቶ «አቶ» ይላታል። «አንተ» ወይስ «አንቺ» የሚለውም አለ። ስሙ የጎደለበት ደግሞ «ሰላም ስም» ተብሎ ይደርሰዋል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ስሙን ተዉትና በ«እርስዎ» ጻፉ።

በዓል ላይ ተጠንቀቁ። ድሬና ሐረር ዒዱንም ገናውንም አብሮ የሚያከብር ሰው የሞላባቸው ከተሞች ናቸው፤ ይህ ማለት ግን ለሁሉም አንድ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላካል ማለት አይደለም። ርዕሱ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ውስጡ የዋጋ ዝርዝር ሲሆን ሰው ይናደዳል፤ የሌላውን በዓል ሲሆን የባሰ። ምርቃቱን ብቻውን ላኩ፣ ሽያጩን በሌላ ቀን። ርዕስ ላይ «ሪ፦» ብሎ የቆየ ጨዋታ ማስመሰልም እንዲሁ ነው፤ ጉግል ይህን አታላይ ርዕስ ብሎ ይከለክላል።

አማርኛ ብቻ የሚያመጣቸው የቴክኒክ ችግሮች አሉ፤ የፈረንጅ ምክር ላይ ስለማታገኟቸው ትንሽ ልቆይባቸው። ርዕሳችን አንዳንዴ መሀሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ካሬ እየያዘ ይደርስ ነበር፦ «አዲስ የተቆላ ቡና ሐሙስ ይ��ርሳል»። ምክንያቱ እዚህ ነው። የኢሜይል ርዕስ በጥንቱ ሕግ የላቲን ፊደል ብቻ ስለሚያልፍበት የእኛ ፊደል በኮድ ተቀይሮ በቁራጭ በቁራጭ ይሄዳል፤ አንዱ ቁራጭ ከነምልክቱ ከ75 ፊደል መብለጥ የለበትም። የእኛ አንድ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ነው፣ በኮዱ ደግሞ አራት ፊደል ይሆናል። ለምልክት የሚወጣው ሲቀነስ በአንድ ቁራጭ የሚገባው 15 የአማርኛ ፊደል ያህል ነው። «አዲስ የተቆላ ቡና ሐሙስ ይደርሳል» ራሱ 55 ባይት ስለሆነ ለሁለት ይከፈላል። ደኅና መሣሪያ በፊደል መሀል አይቆርጥም። የእኛ የዌብሳይት ስክሪፕት ግን ባይት እየቆጠረ ስለሚቆርጥ «ደ»ን ለሁለት ይሰነጥቃት ነበር። የተበላሸ ርዕስ ለማጣሪያም ለሰውም አጠራጣሪ ነው። ስክሪፕቱን ማስተካከል ካልቻላችሁ ርዕሱን ከ15 ፊደል በታች አድርጉት።

ሁለተኛው የድሮ ፎንት ነው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ዋጋ ዝርዝር ገልብጣችሁ ስትለጥፉ እናንተ ጋ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ የሌለው ደንበኛ ጋ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ይደርሳል። ማጣሪያውም የሚያነበው ዝባዝንኬውን ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ ወደሚያነበው የፊደል ኮድ) ቀይሩት፣ ወይም እንደገና ጻፉት። ከዎርድ ስትገለብጡ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ለጥፉ፤ የማይታየው የፎርማት ኮተት አብሮ አይመጣም። ኮተቱ ችግር የሚሆነው ጂሜይል 102 ኪሎ ባይት ያለፈውን ኢሜይል ከታች ስለሚቆርጠው ነው። አንዳንድ መሣሪያ ደግሞ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ወደ ቁጥር ኮድ ይለውጠዋል፤ ያኔ አንድ ፊደል ብቻውን 7 ባይት ይበላል። ከታች ተቆርጦ የሚጠፋው ምንድን ነው? «እንዲቆም ከፈለጉ» የሚለው ሊንክ። ሊንኩን ያጣ ሰው ስፓም የሚለውን ይጫናል።

ሦስተኛው ፖስተር ነው። ለቴሌግራም የተሠራውን አንድ ትልቅ ምስል እንዳለ ኢሜይል ውስጥ መክተት ለምዶብናል። ምስል ብቻ የሆነ ኢሜይል ቃሉን ከማጣሪያ የሚደብቅ ሰው ሥራ ይመስላል፤ ምስል የዘጋ ተቀባይም ባዶ ገጽ ያያል። ዋናው ነገር በጽሑፍ ይኑር፣ ምስሉ አንድ ፎቶ ይሁን፣ የምስሉ መግለጫ ቦታ ላይም ምን እንደሆነ ጻፉ። መሣሪያው «ፕሌን ቴክስት» (ጽሑፍ ብቻ የሆነ) ቅጂ አብሮ እንዲልክም አድርጉ። ነጭ ጽሑፍ ነጭ ላይ መደበቅ ደግሞ የሚታወቅ የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው።

ሊንክን በሚመለከት፣ ማሳጠሪያ አትጠቀሙ፤ ያንን ማሳጠሪያ አጭበርባሪም ይጠቀምበታልና የእሱ ስም ለእናንተ ይተርፋል። በጽሑፉ ላይ የሚታየው አድራሻና ሲነካ የሚከፈተው አንድ ይሁኑ። «ዛሬ ብቻ» ብሎ ከሥሩ የቴሌብር ቁጥርና የባንክ ሂሳብ መደርደርም ከማጭበርበሪያ ኢሜይል አይለይም። ሂሳቡን ደንበኛው «አዎ» ካለ በኋላ በመልሱ ላኩለት።

ማቋረጫው ቀላልና በአማርኛ ይሁን፦ «ይህ ኢሜይል እንዲቆምልዎ እዚህ ይንኩ»። መሣሪያው የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ቃል ለሁሉም ሰው አይገባም። ከዚያ ውጭ ጂሜይል ራሱ ከላኪው ስም አጠገብ የሚያሳየው በአንድ ንክኪ የሚያቋርጥ ቁልፍ አለ፤ እሱ የሚመጣው መሣሪያው «ሊስት አንሰብስክራይብ» የሚሉትን ሁለት የራስጌ መስመሮች ሲጨምር ነው። የጠየቀውን ሰው በሁለት ቀን ውስጥ አውጡት። «ለምን ለቀቁን?» እያላችሁ አትከተሉት።

አላላኩም ሥርዓት አለው። በቢሲሲ (ተቀባዮቹ እርስ በርስ በማይታዩበት ቦታ) 200 ሰው ደርድሮ መላክ ይቅር፤ ነጻው ጂሜይል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይፈቅድም፣ ከዚያ በታችም ቢሆን ማቋረጫ የለውም። አዲስ ዶሜይን ላይ መጀመሪያ ቀን ለ40 ያህል፣ ያውም በቅርቡ ለመለሱላችሁ ሰዎች ላኩ። ችግር ካልታየ በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እያደረጋችሁ ሂዱ። ሰዓቱን አንድ ጊዜ ተሳስቼ «3:00» ብዬ ሞላሁ፤ መሣሪያው ያወቀው የፈረንጁን 3 ሰዓት ስለሆነ ኢሜይሉ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ወጣ። ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ከፈለጋችሁ 9:00 ሙሉ፣ የሰዓት ክልሉም የአዲስ አበባ ይሁን። ለድሬ ሰው ከሆነ ደግሞ ቀትር ሳይደርስ ላኩ፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱና በርጫው ናቸው አለቃ።

ከመላካችሁ በፊት በጂሜይል፣ በያሁና በአውትሉክ ባሏችሁ አድራሻዎች ሞክሩት። «ሜይል ቴስተር» የሚባለው ገጽም ከ10 ነጥብ ሰጥቶ የጎደለውን ይዘረዝራል። ጂሜይል ላይ «ፕሮሞሽንስ» ውስጥ ከገባ አትደንግጡ፤ እሱ ስፓም አይደለም፣ ማስታወቂያ የሚገባው እዚያው ነው። ስፓም ውስጥ ከገባ ግን ኢሜይሉን ክፈቱና ከላይ ያለውን ማሳሰቢያ አንብቡ፤ ጂሜይል ለምን እዚያ እንዳስገባው በአንድ መስመር ይናገራል። ላኪ ኢሜይሉ ጂሜይል ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያይበት የጉግል «ፖስትማስተር ቱልስ» ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ለሚልክ ላኪ ባዶ ገጽ ነው የሚያሳየው፣ ባዶ ስላያችሁ ሁሉ ሰላም ነው አትበሉ።

በጣም ያስከፈለን ስሕተት መጨረሻ ላይ የተገለጠው ነው። የማረፊያው የክፍል ማረጋገጫና ማስታወቂያው የሚወጡት ከአንድ አድራሻ ነበር። ማስታወቂያው ስሙን ሲያበላሽ ማረጋገጫውም አብሮ ስፓም ገባ፤ እንግዳ ክፍል ይዞ ሳለ አልተያዘልኝም ብሎ ሌላ ቤት አደረ። ጂሜይል ስፓም ውስጥ ያለውን ከ30 ቀን በኋላ ስለሚያጠፋው፣ ቆይቶ የፈለገም አያገኘውም። ሁለቱን ለዩ። አሁን ማረጋገጫው በዋናው ዶሜይን ይሄዳል፣ ማስታወቂያው «ዜና» በሚል ንዑስ ዶሜይን፣ የራሱ ኤስፒኤፍና የራሱ ዲኪም ይዞ። ክፍል የያዘ እንግዳም ስልክ ተደውሎ «ማረጋገጫው ደርሶዎታል? ካልደረሰ ስፓም ውስጥ ይዩና ‹ስፓም አይደለም› ይበሉልን» ይባላል።